ባሌ «አቤል» ይላል፤ እኔ ትርጉሙን ሳነብ ደነገጥሁ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የመጀመሪያ ልጃችንን እየጠበቅን ነው፤ ወንድ መሆኑም ተነግሮናል። እኔ የምፈልገው አጭር ስም ነው። የራሴ ስም ረጅም ስለሆነ አንዱ ከፊቱ፣ ሌላው ከኋላው እየቆረጠ ሲጠራኝ ነው የኖርሁት፤ ልጄ ላይ ይህ እንዲደገም አልሻም። ባሌ ገና ከጅምሩ ‹አቤል ይሁን› ብሎ ቁርጥ አድርጓል። እኔም ወድጄው ነበር፤ ስልኬ ላይ ትርጉሙን ስፈልግ ግን ‹ትንፋሽ፣ እንፋሎት፣ ከንቱ› የሚል አገኘሁ። በዚያ ላይ በገዛ ወንድሙ የተገደለ ሰው ስም ነው። ‹ካሌብ› ብለን ስንነሣ ደግሞ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ‹እሱማ ውሻ ማለት ነው› አለችኝ። የባሌ እህት ‹ሊያም በሉት› ትላለች። ከባሌ ወገን ሙስሊም ዘመዶች ስላሉን ሁሉም አፉን ሞልቶ የሚጠራው ስም ቢሆን ደስ ይለኛል። ከስልኬ ያወጣሁት ዝርዝር ግን ግማሹ ‹የእግዚአብሔር ስጦታ›፣ ግማሹ ‹ብርቱ ንጉሥ› ሆነብኝ። የቱን ልመን? ምንስ ይሻለናል?»

ስም የጠፋኝ ነኝ

መልስ

እህቴ፣ ስልክሽ ስለ አቤል የነገረሽ ሐሰት አይደለም። ስሙ በዕብራይስጥ «ሄቬል» ነው፤ ትንፋሽ፣ እንፋሎት፣ ታይቶ የሚጠፋ ነገር ማለት ነው። መጽሐፈ መክብብ «ከንቱ፣ የከንቱ ከንቱ» ሲል በዕብራይስጡ የሚደጋግመው ይህንኑ ቃል ነው። ስልክሽ ያልነገረሽ ግን ይህን ነው፤ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 4 ቃየል ሲወለድ እናቱ የተናገረችውን ጠቅሶ ስሙን ከንግግሯ ጋር ያያይዛል፤ አቤል ላይ ሲደርስ ወንድሙን ወለደች ብሎ ያልፋል እንጂ አንዲት የትርጓሜ ቃል አይጨምርም። «ትንፋሽ» የሚለውን ፍቺ ያመጡት የሁለቱን ቃላት መመሳሰልና የልጁን ዕድሜ ማጠር ያስተዋሉ አንባቢዎች ናቸው። ስሙን «ልጅ» የሚል ትርጉም ካለው የጥንት የአካድ ቋንቋ ቃል ጋር የሚያዛምዱ ሊቃውንትም አሉ።

ስለ ስም ትርጉም ስናወራ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እናምታታለን። አንዱ ቃሉ የበቀለበት ሥር ነው። ሌላው ስሙን ይዘው ያለፉ ሰዎች ያተረፉለት ዝና ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስሙ ልጁ በሚኖርበት ቋንቋ ሲጠራ ለጆሮ የሚለው ነገር ነው። የስልክ ዝርዝሮች የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ብቻ፣ እሱንም በግማሽ ነው። ልጅሽ ዕድሜውን ሁሉ አብሮት የሚኖረው ግን ሦስተኛው ነው። ስሙ አጭር ሲሆን ይህ ይበረታል፤ በሁለትና በሦስት ፊደል የሚያልቅ ድምፅ ከሌላ ቃል ጋር ለመጋጨት ቅርብ ነውና።

ሥር ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ለማየት ጳውሎስን ውሰጂ። ከላቲን የመጣ ስም ነው፤ ትርጉሙም «ትንሽ» ነው። ጳውሎስ የሚባል ሰው ስታውቂ ትንሽነት ትዝ ብሎሽ ያውቃል? ሐዋርያው ስሙን ከሥሩ በላይ አድርጎታል። ሉቃስም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ዝርዝር «ብርሃን» ይለዋል፤ ብርሃን ከሚለው የላቲን ቃል ጋር ድምፁ ስለሚቀራረብ ነው። በሊቃውንቱ ዘንድ ይበልጥ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ግን «የሉካንያ ሰው» የሚለው ነው፤ ሉካንያ በደቡብ ኢጣሊያ የነበረች አውራጃ ናት። አውራጃዋን ያስታወሰ ሰው የለም፤ ሐኪሙንና ወንጌላዊውን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ወደ አቤል እንመለስ። ዝናው ምንድን ነው? መገደሉ እውነት ነው። ሆኖም የሚታወሰው መሥዋዕቱ ተቀባይነት ያገኘለት ሰው ሆኖ ነው፤ ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት በምዕራፍ 11 የእምነት ሰዎችን ሲዘረዝር የሚጀምረው ከእሱ ነው። በቁርኣንም በ5ኛው ምዕራፍ የሁለቱ የአዳም ልጆች ታሪክ ስማቸው ሳይጠራ ተነግሯል፤ በእስልምና ትውፊት ተገዳዩ ሃቢል ይባላል። ከሁለቱ ወንድማማቾች ስም የትኛው በየቤቱ ለልጆች ሲወጣ እንደኖረ አስቢ፤ የገዳዩ አይደለም። ለጆሮስ? በአማርኛ ከምንም ክፉ ቃል ጋር አይጋጭም። «አቤል!» ሲሉት «አቤት!» ብሎ ሲመልስ እንዲያውም ቤት ይመታል።

ካሌብ ላይ ባልደረባሽ ግማሽ እውነት ይዛለች። በዕብራይስጥ «ኬሌቭ» ውሻ ነው፤ ካሌብም የሚጻፈው በእነዚያው ተነባቢዎች ነው። በዐረብኛ «ከልብ»፣ በግዕዝም «ከልብ» ውሻ ነው። ታዲያ ይህንኑ የግዕዝ ቃል እንደ አማርኛ ብታነቢው ምን ይሆናል? «ከልብ» ይሆናል፤ ከልብ መውደድ፣ ከልብ ማመስገን። የሚያስገርመው አንዳንድ ሰዎች ካሌብን ሲተረጉሙ ከውሻው ሸሽተው «ኮል ሌቭ» ማለትም «ሙሉ ልብ» ነው ማለታቸው ነው። የቋንቋ ሰው ይህን የስም አፈታት ብዙ አያምነውም፤ እኔም አላምነውም። ነገር ግን ሰዎቹ ከሜዳ ተነሥተው አይደለም እንዲህ የሚሉት። በኦሪት ዘኍልቍ ምድሪቱን ሊሰልሉ ከተላኩት 12 ሰዎች ሳይፈሩ የተመለሱት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ካሌብ ነው። በ85 ዓመቱም ተራራማውን አገር ስጡኝ ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን ባሕር ተሻግሮ በዛሬዋ የመን ወደነበረችው ሂምያር የዘመተው የአክሱም ንጉሥም ይህን ስም ይዟል። ውሻ ነው ብሎ የሚያፌዝ ሰው ዕብራይስጥ የተማረ መሆን አለበት፤ ያን ያህል የተማረ ደግሞ ይህን ሁሉ ታሪክ አብሮ ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ስለዚያ ዝርዝርሽ ላውራ። «የእግዚአብሔር ስጦታ» የሚለው የበዛብሽ ዝርዝሩ ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እውነትም በዚህ ሐሳብ የተሠሩ ስሞች ብዙ ናቸው። አሠራራቸውን አንዴ ካወቅሽ ስልክ አያስፈልግሽም። በዕብራይስጥ ስሞች ውስጥ «ኤል» አምላክ ማለት ነው፤ «ዮ» እና «ያ» ደግሞ ያህዌ የሚለው የእግዚአብሔር ስም ምኅጻር ናቸው። «ናታን» ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ናትናኤል «አምላክ ሰጠ»፣ ዮናታን «ያህዌ ሰጠ» ይሆናል፤ ናታን ብቻውን ሲቆም ሰጪው ሳይጠራ «ሰጠ» ይላል። ማቴዎስም ከዚያው ከመስጠት የወጣ ነው፤ ቴዎድሮስ ያንኑ ሐሳብ በግሪክኛ ይናገራል። ዮኤል «ያህዌ አምላክ ነው» ማለት ነው፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጪውና «አምላኬ ያህዌ ነው» የሚለው ኤልያስ ይወጣል። ዮሐንስና ሐናንያም እንዲሁ አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው፤ ሁለቱም «ያህዌ ጸጋውን ሰጠ» ይላሉ። ከእነዚህ መካከል አጭር የምትፈልጊ ከሆነ ናታንና ዮኤል ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው። ሁለቱም የነቢያት ስሞች ናቸው፤ ናታን ንጉሡን ዳዊትን ፊት ለፊት የገሠጸው ነው።

«ብርቱ ንጉሥ» የሚለውን ግን ተጠራጠሪ። ዝርዝሮቹ የሚስቱት ባብዛኛው በድምፅ የሚመሳሰሉ፣ በዘር ግን የማይገናኙ ስሞችን አንድ ሲያደርጉ ነው። ራያን የሚባለውን ተመልከቺ። ከአየርላንድ የቤተሰብ ስም የወረደ አለ፤ ብዙ ጊዜ «ትንሹ ንጉሥ» ተብሎ የሚተረጎመው ይህኛው ነው። የዐረብኛው ረያን ግን ውሃ የጠጣ፣ ጥሙ የተቆረጠለት ማለት ነው፤ በሐዲስም ጾመኞች የሚገቡበት የጀነት በር ስም ነው። ስልክ ላይ ሁለቱ ይደባለቁና «ንጉሥ» የሚለው ትርጉም ለዐረብኛው ልጅ ይሰጠዋል። ኪያንም ሁለት ነው፤ የአየርላንዱ «ጥንታዊ»፣ የፋርሱ ከጥንታውያን ነገሥታት ስም ጋር የተያያዘ ነው። ኖኅ በዕብራይስጥ የወንድ ነው፤ «ኖዓ» ግን የሴት ነው፤ በኦሪት ዘኍልቍ ርስት ከጠየቁት የሰለጰዓድ ልጆች አንዷ የምትጠራበት ነው። ዕብራይስጡ በመጨረሻ ፊደላቸው ይለያቸዋል፤ የላቲን ፊደል ግን ልዩነቱን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ አንድ ዝርዝር ትርጉም ሰጥቶ ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣ ካልነገረሽ እሱን ትተሽ እለፊ።

የባልሽ እህት የመረጠችው ሊያም በሥሩ ምንም አይወጣለትም። «ዊልያም» ከሚለው ስም አየርላንዳዊ መልክ የተቆረጠ ጅራት ነው፤ ዊልያም ራሱ ከጥንት ጀርመንኛ «ፈቃድ» እና «የራስ ቁር» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። በአሜሪካ ለወንዶች ልጆች በብዛት በወጡ ስሞች ዝርዝር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 እስከ 2016 ኖኅ፣ ከ2017 እስከ 2024 ደግሞ ሊያም አንደኛ ነበር። ዘመናዊ ነው፣ አጭር ነው፣ ለአፍ ይጣፍጣል። ግን እስቲ በአማርኛ ጻፊውና አንብቢው፦ «መርፌው ሊያም ይችላል»። በንግግር ጊዜ የግሡ «ም» ስለሚጠብቅ ይለያል፤ በጽሑፍ ግን አንድ ነው። ልጁ ፊደል በቆጠረበት ዓመት የክፍል ጓደኞቹ ይህን ያገኙታል፤ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ለማግኘት አይቸገሩም። ሰው የማያየው ይመስልሻል እንጂ ያየዋል። እህትየው በውጭ አገር ለሚያድግ ልጅ ቢሆን ትክክል ናት፤ አማርኛ በሚነገርበት ቤት ለሚያድግ ልጅ ግን እኔ አልመክረውም።

የዚህ ዓይነት ግጭት በአጫጭር ስሞች ላይ የተለመደ ነው። የአዳም ሦስተኛ ልጅ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሴት» ተብሎ ይጻፋል፤ በዕብራይስጥ «ተተካ» ከሚል ሐሳብ ጋር የሚሄድ የከበረ ስም ነው፤ ነገር ግን ለወንድ ልጅሽ ሴት ብለሽ ልታወጪ አትችይም። የይሁዳው ንጉሥ «አሳ» የሚያልፍበትን ገጽ ስናነብ ሁላችንም ፈገግ ብለናል። በዘመናዊው ዕብራይስጥ ለወንድ የሚወጣ አጭርና ውብ ስም አለ፤ ትርጉሙ «ስጦታ» ነው፤ ሲጠራ ግን «ሻይ» ነው። ካይ በሃዋይ ቋንቋ «ባሕር» ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ድምፁ «ቀይ» ወደሚለው ቀለም ይጠጋል። ሳሚ በዐረብኛ «ከፍ ያለ» ማለት ነው፤ በአማርኛ ሲተነተን «የሚስም» ይሆናል፤ እዚህ ላይ ግን ለሳሙኤል ማቆላመጫ ሆኖ ጆሮ ስለለመደው ማንም ልብ አይልም። ልማድ ግጭትን ይፍቃል፤ አዲስ ስም ግን ያ ዕድል የለውም።

ግጭቱ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ አንዳንዱ ስም በሁለት ቋንቋ ይመርቃል። ዳን በዕብራይስጥ «ፈረደ» ነው፤ «ዳኛ» ከሚለው ቃላችን ጋር ሥሩ አንድ ነው። በአማርኛ ደግሞ «ዳን!» ስትዪው «ተፈወስ» እያልሽው ነው። ኑር በዐረብኛ «ብርሃን» ነው፤ በአማርኛ ሕያው ሁን፣ ሰንብት፣ ዕድሜ ይኑርህ የሚል ምርቃት ነው። ኑር በዐረብኛ ለሴትም ይወጣል፤ የአማርኛው «ኑር» ግን ለወንድ ብቻ የሚነገር ትእዛዝ ነው፤ ለሴት ቢሆን «ኑሪ» ነበር። አንዲት ነጠላ ክፍለ ቃል ብርሃንንም ዕድሜንም ስትይዝ ደስ ይለኛል፤ ከባልሽ ወገን ያሉት ሲሰሙት የራሳቸው ስም ነው፤ ከአንቺ ወገን ያሉትም ምርቃት ነው የሚሰሙት።

ሁለቱን ወገን ስለማስታረቅ ካነሣን ሌላው መንገድ በሁለቱም መጻሕፍት ያሉ ስሞች ናቸው። ኖኅ ኑሕ ነው፤ ዮናስ ዩኑስ፣ ኢዮብ አዩብ፣ ዳዊት ዳውድ፣ ኤልያስ ኢልያስ ነው። ኑሕና ዩኑስ የቁርኣን ምዕራፎች መጠሪያም ናቸው። ኖኅ ትርጉሙ ከዕረፍት ጋር የተያያዘ ነው፤ አባቱ ላሜሕ ከድካማችን ያሳርፈናል ብሎ ነው ያወጣለት። ዮናስ «ርግብ» ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ስ» በግሪክኛ በኩል ሲያልፍ የተለጠፈች ናት። ዳዊት «ተወዳጅ» ነው። የኢዮብ ሥር አከራካሪ ነው፤ አንዱ ማብራሪያ «አባት ወዴት ነው?» ከሚል ጥንታዊ ስም ያወጣዋል፤ ሌላው ከመጠላት ጋር ያያይዘዋል። ግን ማን ስለ ሥሩ ይጨነቃል? ኢዮብ ሲባል ትዕግሥት ነው የሚሰማው፤ ዝና ሥርን ሙሉ በሙሉ የዋጠበት ስም ነው።

ከዐረብኛው ወገን ደግሞ ዓሊ «ከፍ ያለ» ነው፤ ዘይድ «ጭማሪ፣ ዕድገት» ነው፤ ከነቢዩ ባልደረቦች በቁርኣን በስሙ የተጠራው ዘይድ ብቻ ነው። በድር ሙሉ ጨረቃ ነው፤ ፊደሉን ያሳሳተ ጸሐፊ ግን «ብድር» ያደርግብሻል።

ስሞች በተፈጥሯቸው አጭር ሆነው ብቻ አይደለም አጭር የሚሆኑት፤ በመንገድም ያልቃሉ። ዮሐንስን ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። በዕብራይስጥ ዮሐናን የነበረው ስም በስኮትላንድ ኢያን፣ በአየርላንድ ሾን፣ በዌልስ ኤቫን፣ በፖላንድና በቼክ ያን፣ በሩሲያ ኢቫን፣ በስፔን ሁዋን፣ በፈረንሳይ ዣን ሆኗል፤ በዐረብኛው ያሕያ ነው። ዝርዝር ላይ እነዚህ ስምንት የተለያዩ ስሞች ሆነው ይቆጠራሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ አክሰል ነው፤ ሰሜን አውሮፓዊ መስሎ የሚታየው ይህ ስም በዴንማርክ የተፋቀ አቤሴሎም ነው፤ «አባቴ ሰላም ነው» ማለት ነው። አቤሴሎም ውስጥ ያለችውን «ሰላም» ለማየት ዓይን አይቸገርም፤ አክሰል ላይ ግን ጠፍታለች። ማክስ «ታላቅ» ከሚለው የላቲን ቃል የተቆረጠ ነው፤ ሊዮ በላቲን «አንበሳ» ነው፤ በ2025 የተመረጡት የሮማ ጳጳስ ይህን ስም የያዙ 14ኛው ናቸው። ኤሪክ በጥንቱ የሰሜን ሰዎች ቋንቋ ከመግዛት ጋር የተያያዘ ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ «ንጉሥ» ያለሽ ዝርዝር ብዙም አልዋሸም። የጋናው ኮፊና የስዋሂሊው ጁማ ሁለቱም በዓርብ የተወለደ ማለት ናቸው፤ ልጅሽ ረቡዕ ከመጣ አይሆኑም።

ርቀሽ ከመሄድሽ በፊት ግን ቤትሽ ውስጥ ያሉትን እዪ። ታዬ፣ ሞላ፣ ተካ፣ ካሳ፣ ብሩክ፣ አማን፤ ከኦሮምኛ ቶላ «ደግ»፣ ጫላ «በለጠ»፤ ከትግርኛ ሓጎስ «ደስታ»። እነዚህ ሥራቸውና ጆሯቸው አንድ ስለሆነ መዝገበ ቃላት አይጠይቁም። ጉዳታቸውም እዚያው ላይ ነው፤ ትርጉማቸው የማይደበቅ ስለሆነ ሸክም ካላቸው ሸክሙ ዕለት ዕለት ይሰማል። ተካና ካሳ አብዛኛውን ጊዜ ከሐዘን በኋላ የሚወጡ ናቸው፤ በሌላ ሰው ምትክ የመጣ ልጅ ማለት ናቸው። ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስም ዓፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ ነበር፤ ስሙ አላሳነሳቸውም። ቢሆንም እኔ ልጅን የሌላ ሰው ማካካሻ የሚያደርግ ስም አልወድም፤ ሕፃኑ ገና ሳይተነፍስ ዕዳ ይጫንበታል።

ብሩክና አማን ግን ሸክም የላቸውም፤ ሥራቸውም ሰፊ ነው። ብሩክ የነቢዩ ኤርምያስ ጸሐፊ የነበረው ባሮክ፣ በዐረብኛ ሙባረክ፣ በስዋሂሊ ባራካ የሚሉት ቤተሰብ ነው፤ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማም የሚጠሩት በዚያው ነው። አማን በግዕዝ «እውነት፣ በእርግጥ» ነው፤ በዐረብኛ ደኅንነት ነው፤ «አሜን» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። በአማርኛ «አገሩ አማን ነው» ስንል ሰላም ነው ማለታችን ነው። ሦስት ፊደል ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን እንዲህ ይለዋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አያሳስትም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ትስቂ። አጭር ስም የፈለግሽው ሰው እንዳይቆርጠው ነው። አጭር ስም አይቆረጥም፤ ግን ይረዝማል። ኖኅ ብትዪው አያቱ «ኖኅዬ» ትለዋለች፤ ዳን «ዳንዬ»፣ ኑር «ኑርዬ» ይሆናል። አማርኛ የሚወደውን ሰው በአንድ ክፍለ ቃል መጥራት አይሆንለትም። ይህን ከወደድሽው ችግር የለም፤ ካልወደድሽው ሁለትና ሦስት ክፍለ ቃል ያለው ስም ይሻልሻል፤ አቤልም አማንም ዮናስም እዚያ ውስጥ ናቸው። የመረጣችሁትን ስም ከሌላ ክፍል ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት፤ አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ያለው ስም ከርቀት ሲጠራ ጭራው ይሰወራል። ከአባቱ ስም ጋርም አገናኝታችሁ አንብቡት፤ የልጁ ስም በሚያልቅበት ድምፅ የአባቱ ከጀመረ ሁለቱ ይጣበቃሉ፤ «ዳን ንጉሤ» ሲባል አንዷ «ን» ትዋጣለች።

እንግዲህ ወደ ባልሽ። አቤልን በትርጉሙ ምክንያት እንድትጥዪው አልመክርሽም፤ የፈራሽው ፍቺ መጽሐፉ ራሱ ያልሰጠው ነው። ታሪኩ ግን የሚያስጨንቅሽ ከሆነ፣ ስሙን ስትጠሪ ሁልጊዜ ሜዳው ላይ የወደቀው ልጅ የሚታይሽ ከሆነ፣ ያን ማንም በማስረዳት አያስለቅቅሽም፤ ይህንንም ለባልሽ እንዲሁ ንገሪው። እሱ ድምፁን ወዶት ከሆነ ናታንና ዮኤል የአቤል ጎረቤቶች ናቸው፤ ያንኑ ርዝመት ይዘው ታሪካቸው ያለ ደም ነው። ለሁለቱም ቤተሰብ የሚሆነውን ካስቀደማችሁ እኔ ብሆን አማንን እመርጣለሁ፤ ቀጥሎ ኑርን፣ ቀጥሎ ዮናስን። ሊያምን ለአክስቱ ተዉላት፤ የራሷን ስትወልድ ታወጣዋለች።

ኖኅን የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ከመወለዱ በፊት በየትኛው «ህ» እንደምትጽፉት ተስማሙ። ኖህ፣ ኖሕና ኖኅ ስንናገራቸው አንድ ናቸው፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ በአንዱ፣ የትምህርት ቤት መዝገቡ በሌላው ከተጻፈ ግን አንድ ቀን ባለ መስኮቱ ጸሐፊ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በላቲን ፊደል የሚጻፍበትንም መልክ ያን ጊዜውኑ ወስናችሁ በሁሉም ሰነድ ላይ እሱኑ አስጽፉ።